የእናቴ ሚዛን የኔ ፊት ነበር

የምትወዱት ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ቁጥሩን ትቶ የእናንተን ፊት ሲያይ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ ትከሻዬን ተደግፋ የቡና ሚዛን ላይ ትወጣለች። ከዚያ ትንፋሿን ትይዝና ዓይኔን ታያለች። የሚዛኑ መርፌ ባለፈው ሳምንት የነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። እኔ ፊቴን ምን ላድርገው?

ነገሩ እንዲገባችሁ በቅደም ተከተል ልናገር። መምህርት ነኝ፤ ከመካከል መጀመር ያስጨንቀኛል፣ ይኸው አሁንም ከመካከል ጀምሬአለሁ።

ዲላ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ቤተሰቦቼ ያሉት ኢዲዶ ነው። ዓርብ ትምህርት ሲለቀቅ በሚኒባስ ይርጋጨፌ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በሞተር ወደ ቤት። ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ከቤቱ ሥር እንሰቱ አለ፤ ከእንሰቱ ሥር ቁልቁል የሚወርድ ቀጭን መንገድ፤ መንገዱ የሚያልቀው ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሟል፤ ድልድያችን እሱ ነው። ከግንዱ ማዶ የእናቴ ቡና አለ። ቦታው ጥላ ስለሚበዛበት ፍሬው ከሰፈሩ ሁሉ ዘግይቶ ይቀላል።

አባቴ በሕይወት እያለ ያንን ቡና የሚጠብቀው እሱ ነበር። ከሞተ በኋላ እናቴ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ቅርጫት ራሷ ትለቅማለች። እሷ ሳትለቅም ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ በቤታችን እንዲሁ ሆኖ ቀረ። ያለፈው ዓመት ግን ጉልበቷ አልታዘዝ አላትና ከመንገዱ ግማሽ ተመለሰች። የወንድሜ ሚስት ለቀመችው። ቅርጫቱ ቤት ሲገባ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ክረምት ላይ ዲላ አመጣኋትና ሐኪም አያት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

«እማማ፣ መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግስልዎታል እንጂ ክብደትዎን አይሸከምልዎትም። ጉልበትዎ እንዲያርፍ ከፈለጉ መቀነስ አለብዎት።»

ለእናቴ በጌዴኦኛ ተረጎምኩላት።

«ይሄን ሰውነት በየልጁ አንድ አንድ እያልኩ ነው ያመጣሁት» አለች። «አሁን ለማን ልመልሰው?»

ስንመለስ ሚኒባሱ ይርጋጨፌ ሊገባ ሲል ጠየቀችኝ። «የማዶው ቡና እስኪቀላ ጉልበቴ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልኳት። በሙሉ ልብ ነበር ያልኩት። የወራቱን ርዝመት አውቃለሁ፣ የምግቡን ዓይነት አውቃለሁ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ አስተምራለሁ። ሁሉም ነገር እጄ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር።

ዕቅዱን አወጣሁ። ዋሳ ብለን የምንጠራው ቆጮ እንዲያንስ፣ ቅቤው እንዲቀር፣ ጎመኑ እንዲበዛ፣ ሻዩ ያለ ስኳር እንዲሆን። ጠዋትና ማታ ግቢውን መዞር። እያንዳንዱን ከነምክንያቱ ለእናቴ አስረዳሁ፣ ለወንድሜ ሚስት ደግሞ ለብቻዋ አስረዳሁ። የወንድሜ ሚስት እስክጨርስ ጠብቃ «ስለዚህ ቅቤ አላደርግም ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ማለቴ ያ ነበር።

የቀረው ሚዛን ነው። ጤና ኬላው ጋ ሄድን። እዚያ ያለው ሕፃናት የሚንጠለጠሉበት ሚዛን ብቻ ሆኖ ተገኘ። እናቴ መንጠቆውን ቀና ብላ አየችው። «ችግር የለም፣ ስቀሉኝ» አለች፤ «ጣሪያው ከቻለ እኔ እችላለሁ።» የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እየሳቀች ወደ እሸት ቡና መረከቢያው ላከችን። እዚያ መሬት ላይ የሚቀመጥ የጆንያ ሚዛን አለ።

ሚዛን ያዡ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው ነው። እናቴን አያትና ኮስተር አለ።

«መምህርት፣ ያመጣሽልኝ እሸት ነው ጀንፈል?»

ጀንፈል የምንለው ከነገለባው የደረቀውን ቡና ነው። እናቴ ቀደመችኝ። «ጀንፈል ነኝ። እሸቱ ድሮ ቀረ።»

«ጀንፈል በእሸት ሚዛን አይመዘንም፣ እማማ።»

«አንተ ዝም ብለህ መዝን። ደግሞ የቀሚሴን ቀንስ። የኔን ቡና ስትረከብ የጆንያ እያልክ ትቀንስ የለ?»

«እሺ፣ የቀሚስዎን ቀንሻለሁ። የነጠላውን ግን ራስዎ ይያዙት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ። የዚያ ሚዛን ቁጥሩ የተጻፈበት ክብ ፊት የሚዞረው ወደ ገዢው ነው። ቡና ይዞ የመጣ ሰው ከወዲያ በኩል ይቆማል፣ ቁጥሩን አያይም፤ ሚዛን ያዡ ሲጠራ ይሰማል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና የሸጠችው የገዢውን ፊት እያነበበች ነው። ቅንድቡ ከተነሣ ጆንያው ከብዷል፤ ከንፈሩን ከነከሰ ሊያጭበረብር ነው። ይህን ችሎታዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን እሷ ራሷ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ፣ ቁጥሩ ወዳለበት የቆምኩት እኔ ነኝ። ገዢው እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። መርፌው ትንሽ ወረደ፣ እኔም ፈገግ አልኩ፣ እሷም ከሚዛኑ ስትወርድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ ቆመ። አንድ ቅዳሜ ቆመ፣ በሚቀጥለውም ቆመ። አንዳንዴ ለዓይን የማይሞላ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል።

የወንድሜን ሚስት ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ደብቃ ትበላለች?»

«እኔ አይደለሁ የማቀርብላት? አትበላም። ጎረቤት ያመጣላትን እንኳ ለልጆቹ ነው የምትሰጠው።»

እውነቷን ነው። ጎረቤቶቹም ዝም አላሉም። አንዷ ዓርብ ማታ እናቴ ፊት የቀረበውን ሳህን አየችና እናቴን ጠየቀቻት።

«የመምህርቷ እናት፣ ልጅሽ ተምራ ያመጣችልሽ ይሄን ጎመን ነው?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው» አለች እናቴ።

«ሐኪሙ እናት የለውም?»

ለምን እንደማይቀንስ ማስረዳት እችላለሁ። ብዙ ባለመራመዷ ክብደቷ አይወርድም፤ ክብደቷ ባለመውረዱ ጉልበቷ ያማታል፤ ጉልበቷ ስለሚያማት አትራመድም። ሌሊትም ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣታል፤ ያልተኛ ሰውነት ደግሞ ያለውን አይለቅም። ሰሌዳ ላይ በክብ ብስለው ያምራል፤ ቀስቶቹ ሁሉ ተያይዘው ይዞራሉ። ተማሪዎቼ ቢሆኑ ወዲያው ይገለብጡት ነበር። ክቡ ግን መውጫ በር የለውም። ይህን ሁሉ አውቄ ቅዳሜ ጠዋት ሚዛኑ ጋ ስቆም ያለኝ ፊቴ ብቻ ነው።

ፊቴን ለመግዛት ሞከርኩ። የታረመ ፈተና ይዤ ክፍል ስገባ ልጆቹ ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት ፊቴን እንደሚያዩ ስለማውቅ፣ ለዚያ የምጠቀምበት ደረቅ ፊት አለኝ። ለእናቴ እሱን አደረግኩላት። ገና አንድ እግሯን ሳታወርድ «አልቀነስኩም» አለችኝ።

«ምን አየሽ?»

«ምንም እንዳላይ አድርገሽዋል። ነጋዴም ሲከፋው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ጥቅምት ላይ በቆላው በኩል ያለው ቡና መቅላት ጀመረ፤ መረከቢያውም ሥራ በዛበት። በዚያ ሰሞን እናቴ ጎመኑን እየገፋች «ምን ያደርጋል» ማለት አመጣች። ተስፋ ልትቆርጥ እንደሆነ ገባኝና የምችለውን አንድ ነገር አደረግኩ፤ አስረዳሁ። ከሚዛኑ መልስ የታጠበ ቡና የሚሰጣበት አልጋ አጠገብ አቆምኳት። አልጋ የምንለው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ፣ ወንፊት የለበሰ ማድረቂያ ነው። ሴቶቹ ቡናውን በእጃቸው እያገላበጡ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ቡና ሲሰጣና ሲነሣ ክብደቱ አንድ ነው?»

«እንዴት አንድ ይሆናል? ሲደርቅ ይቀልላል።»

«በአንድ ቀን ይቀልላል?»

«በአንድ ቀን ካደረቅሽው ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ነው። ቀትር ላይ ይሸፈናል፣ ሲበርድ ይገለጣል።»

«ያንቺም ሰውነት እንደዚያ ነው» አልኳት። «ዛሬ የቀለለው ለዓይን አይታይም። እየቀለለ ነው ግን።»

እንደዚያ ቀን ትምህርቴን ያዳመጠኝ ሰው የለም። እናቴ አንድ ፍሬ አንሥታ በጣቶቿ መካከል አሸችው። «የሚወጣው ውሃው ነው አይደል?» አለችኝ። «አዎ፣ ውሃው ነው» አልኩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ደስ ብሎኝ ዲላ ተመለስኩ። የሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ትነት ሳስተምር ያንኑ ምሳሌ ደገምኩት።

ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ወርዷል። ያለ ጥርጥር ወርዷል። ሚዛን ያዡ ጎንበስ ብሎ አየና «እማማ፣ ይሄ የቀሚስ ብቻ አይደለም» አለ። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ሳቅኩ፣ አቀፍኳት፣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ፊት። አንዷ «መምህርት፣ ለኔም ጎመን እዘዢልኝ» አለች። እናቴ ሳቁን አልተጋራችም፤ እኔን ብቻ ታያለች፤ ጥማት እንዳለበት ሰው ከንፈሯን ትልስ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩም።

ቤት ስንደርስ ደጃፉ ላይ ግድግዳውን ያዘችና ቀስ ብላ ተንሸራትታ ተቀመጠች። ዓይኗ ዞረ። የወንድሜ ሚስት ከውስጥ ሮጣ መጣች፤ እንደማልቆጣት ለማወቅ ፊቴን እያየች ተናገረች።

«ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ አልጠጣችም። እንዳልነግርሽ ከልክላኝ ነው። ትናንት ደግሞ ጋቢ ለብሳ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ስትሞቅ ነው የዋለችው።»

በማንኪያ ውሃ አጠጣናት። ትንሽ ነፍስ ስትዘራ «ምን ማድረግሽ ነው?» አልኳት።

«ውሃው ነው የሚወጣው ብለሽኝ የለ?» አለች። ቀጥላ ደግሞ እንዳልቆጣት ብላ ይመስለኛል፣ «ቀትር ላይ ጥላ ገብቻለሁ። ቡናም ቀትር ላይ ይሸፈናል» አለች።

ከዚያ በኋላ ያስረዳሁትን አልደግመውም። የቡና ውሃ ሌላ፣ የሰው ውሃ ሌላ፤ ሰው መድረቅ የለበትም፣ መቀነስ ያለበት ስቡ ነው፤ ሁሉንም አልኩ። ሰምታ ሰምታ «ታዲያ ለምን በቡና አስረዳሽኝ?» አለችኝ። ቡና ባይሆን በምን ላስረዳት ነበር?

በሚቀጥለው ቅዳሜ መርፌው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ፊቴን አየች፣ አወቀች፣ ወረደች። ጫማዋን ሳስርላት ከላይ ሆና «መጀመሪያ ሰሞን ፊትሽ በርቶ ነበር» አለችኝ። «እሱን እንደገና ላየው ብዬ ነበር እንጂ ቁጥሩማ ምን ያደርግልኛል።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ሚዛኑ አልወሰድኳትም። መውሰድ ያልቻልኩት በእሷ ምክንያት አልነበረም። ፊቴን የምታምነውን ያህል ሐኪሙንም፣ ሚዛኑንም፣ ሰውነቷንም አታምንም፤ እኔ ደግሞ ፊቴ ላይ ሥልጣን የለኝም። ደስ ካለኝ ሰውነቷን ታደርቃለች፤ ከከፋኝ ጎመኑን ትገፋለች። ዓርብ ማታ ሞተር ላይ ሆኜ ወደ ቤት ስሄድ የምላትን አጣ ነበር። ቅቤው እንደቀረ ነው፣ ጎመኑም እንዳለ ነው፤ ግን እንደ ልማድ ብቻ። ግቢውን መዞሩን ተወች። ኅዳር አለቀ። ሰፈሩ በለቃሚ ተሞላ። የማዶው ቡና መቅላት እንደጀመረ የወንድሜ ሚስት ነገረችን። እናቴ «እሰይ» አለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ አልጋዋ ባዶ ነው። በእንሰቱ መካከል ሳይ በትሯን ይዛ ቀጭኑን መንገድ ቁልቁል ጀምራለች። ሮጥኩና ደረስኩባት፤ መንገዱ ለሁለት ስለማይበቃ ከኋላዋ ሆንኩ። «ተመለሺ» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዘወር አላለችም። መንገዱ ድንጋይ ስለሚበዛበት እግሯን እንጂ ሌላ ነገር ማየት አትችልም። አንድ የተቆረጠ የዋንዛ ጉቶ አለ፣ ያለፈው ዓመት ከዚያ ነው የተመለሰችው። እዚያ ስትደርስ ተቀመጠች። ብዙ ተነፈሰች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አለቅሳለሁ፤ እሷ አላየችኝም። ተነሥታ ወደ ቤት ዞረች፤ ያኔ እኔ ፊቴን ጠርጌ ጨርሼ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉቶውን አለፈችውና የጎረቤታችን አጥር ጋ ተቀመጠች። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ አንድ ላም ተኝታ የምትሸፍነው ያህል። ግን ተቀምጣ ዙሪያዋን አየች፣ አጥሩን በእጇ ነካችው፣ «ይሄ አጥር አርጅቷል» አለች። በሌላው ቅዳሜ ከጉቶው አልፋ መሄድ አቃታት። ከዚያ ደግሞ አጥሩን አለፈች። መርፌ የለም፣ የሚጠራ ሰው የለም። የደረሰችበትን በራሷ መቀመጫ ታውቀዋለች። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ፊቴ የፈለገውን ይሁን።

ይህ ነገር ፈውስ ነው አላልኩም። ሐኪሙ ያለው እንዳለ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል፤ ክብደቷ ምን ያህል እንደሆነ አሁን አላውቅም። ወራቱም አልጠበቀንም። የመጨረሻው ለቀማ ቀን፣ የማዶው ቡና ገና ሳይነካ፣ የወንድሜ ሚስት ቅርጫት ይዛ እናቴ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ፍሬው ሊረግፍ ነው። ምን ላድርግ?»

«ሂጂ» አለቻት። «እኔ እከተልሻለሁ።»

ወጣን። የወንድሜ ሚስት ከፊት ጠፋችብን። ጉቶውን አለፍን፣ አጥሩን አለፍን፤ ከዚያ በፊት ያልደረስንበት ሙጃ ውስጥ አንድ ጊዜ አረፈች። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ደረሰች። ግንዱ እርጥብ ነበር። አንድ እግሯን አሳረፈችበት፣ ሞከረችው፣ መለሰችው። እንደገና አሳረፈች። እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችውም። ከማዶ ቅርንጫፍ ሲጎነበስና ፍሬ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል። የመጀመሪያውን ቅርጫት እየለቀመችው ያለችው የወንድሜ ሚስት ናት።

እናቴ ግንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ስንት ደረስኩ?»

ሚዛኑ ላይ ስትሆን የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነበር። ያኔ በአፏ አልጠየቀችኝም፤ በዓይኗ ነበር።

«ግንዱ ደርሰሻል» አልኳት።

«ግንዱ» አለች። ቅርፊቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። ለዚህ ዓመት በቃ ማለቷ ይሁን፣ ለከርሞ መጀመሪያው ይሄ ነው ማለቷ ይሁን አላወቅኩም፤ አልጠየቅኋትም። ወደ ዳገቱ ስንመለስ ከበፊቱ ብዙ ጊዜ አረፈች። ከርሞ ትሻገር እንደሆነም አላውቅም። ዲላ ሆኜ ዝናብ ሲዘንብ የማስበው ያንን እርጥብ ግንድ ነው።

እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክብደት ለመቀነስ የሚደክም ሰው ቤታችሁ ካለ፣ መርፌውም አልንቀሳቀስ ካለ፣ ለጥቂት ሳምንት ሚዛኑን ተዉት። ሰውየው መሄድ የሚፈልግበትን ቦታ ጠይቁት፤ ወደዚያ ሲሄድ ከኋላው ተከተሉት፤ የት ላይ እንደሚቀመጥ ብቻ ልብ በሉ። ምንም አታስረዱ፤ ይህ ለኔ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ወዴት እንደሚያደርስ ገና ስላላወቅኩ ልመሰክርላችሁ አልችልም። ግን ሞክሩት፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሆናችሁ።